ባለ አንድ ዲፈረንሻል መኪና የባለ ሁለቱን የፊት እግር ሲዋስ



መኪና አስፋልት ለቅቆ በአሸዋና በድንጋይ ላይ የሚሄድ ከሆነ ዲፈረንሻል ከፊትም ከኋላም ያስፈልገዋል የሚለው አስተያየት በሰፊው የተለመደ ነው። የበረሃ ውድድር ታሪክ ግን ይህን አስተያየት በሙሉ አይደግፈውም። እ.ኤ.አ. በ1967 ከሜክሲኮዋ ከተማ ከቲህዋና ተነሥቶ የባሃ ካሊፎርኒያን ባሕረ ገብ መሬት በማቋረጥ እስከ ላፓስ በተደረገው የመጀመሪያ ውድድር፣ ቪክ ዊልሰንና ቴድ ማንግልስ በ27 ሰዓት ከ38 ደቂቃ አሸንፈዋል። የነዷት ሜየርስ ማንክስ የኋላ ጎማዎቿ ብቻ የሚገፏት ቀላል መኪና ነበረች።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። በደረቅና በጠጣር መሬት ላይ ፍጥነትን የሚወስነው የሚገፉት ጎማዎች ብዛት ብቻ ሳይሆን፣ ጎማው የመሬቱን ከፍታና ዝቅታ ተከትሎ የመውጣትና የመውረድ ችሎታው ነው። በባለ ሁለት ዲፈረንሻል መኪና ላይ ኃይልን ወደ ፊት ጎማ የሚያደርሰው ዘንግ መጋጠሚያው ከተወሰነ ማዕዘን በላይ አይታጠፍም። ዘንጉ ከሌለ ይህ ገደብ ይወገዳል። ስለዚህ የበረሃ መካኒኮች የባለ ሁለት ዲፈረንሻሉን ጠንካራና ከፍ ያለ የፊት እግር ወስደው፣ ዲፈረንሻሉንና ዘንጎቹን በመተው፣ ለባለ አንዱ መግጠምን ለመዱ። ከውድድር በፊት መንገዱን ለማጥናት የሚነዱት መኪናዎች «ፕሪራነር» ይባላሉ። ቶዮታም ይህንኑ ስም ወስዶ ለ1998 ሞዴል ታኮማ ፒክ አፕ ሰጠው፤ መኪናው የሚገፋው በኋላ ጎማዎቹ ብቻ ሲሆን ቁመናው ግን የባለ ሁለት ዲፈረንሻሉ ነበር።

ሆኖም ፋብሪካ የሚሠራውና ጋራዥ የሚሠራው አንድ አይደለም። ፋብሪካው ከሻንሲው እስከ መጨረሻው ቡሎን ድረስ ያለውን ሁሉ አብሮ ያሰላል። ጋራዡ ከተጋጨ መኪና የተፈቱ ዕቃዎችን ይዞ ይነሣል። አደጋውም የሚመነጨው ከዚሁ ልዩነት ነው።

አንደኛው ጉዳይ የጎማው ኩሽኔታ ነው። በብዙ ባለ ሁለት ዲፈረንሻል መኪናዎች ላይ የኩሽኔታውን የውስጥ ቀለበቶች አጥብቆ የሚይዛቸው በዘንጉ ጫፍ ላይ የሚታሰረው ዳዶ ነው። ዘንጉ «ኃይል ስለማያስተላልፍ አያስፈልግም» ተብሎ ሙሉ በሙሉ ከወጣ፣ ኩሽኔታው የሚያጣብቀው ነገር አጥቶ ቀስ በቀስ ይላቀቃል፤ በመጨረሻም ጎማው ከመኪናው ሊለይ ይችላል። ስለዚህ የዘንጉ የውጭ ጫፍ በቦታው ቀርቶ፣ ዳዶው በፋብሪካው በተወሰነለት መጠን መጥበቅ አለበት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚለው ብሂል እዚህ ላይ ምሳሌ ብቻ አይደለም።

ሁለተኛው መሪው ነው። ጎማው ሲወጣና ሲወርድ የእገዳው ክንዶች አንድ ቅስት፣ የመሪው ዘንግም ሌላ ቅስት ይሠራሉ። ሁለቱ ቅስቶች ካልተስማሙ፣ ሾፌሩ መሪውን ሳይነካ ጎማው በየጉድጓዱ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ይዞራል። ክንዶቹን ለውጦ የቀድሞውን የመሪ ዘንግ እንዳለ መተው ይህን ጥፋት መጋበዝ ነው። መኪናው በቆመበት የሚደረግ የጎማ አሰላለፍ ልኬት ጥፋቱን አያሳይም። ሞላው ወጥቶ ጎማው ከታችኛው ጫፍ እስከ ላይኛው በየደረጃው ሲነሣ አቅጣጫው መለካት አለበት።

ሦስተኛው ክብደት ነው። የተወሰደው ሞላ የፊት ዲፈረንሻልንና የዘንጎቹን ክብደት እንዲሸከም የተሠራ ነው። ያ ክብደት ሲቀር የመኪናው አፍንጫ ሽቅብ ይላል፤ መብራቱ ከፊት የሚመጣውን ሾፌር ዓይን ይወጋል፤ የክብደቱ ማዕከል ከፍ ስለሚል በመታጠፊያ ላይ የመገልበጥ ዕድሉ ይጨምራል።

አራተኛው ትንሽ የሚመስለው ነው። የፍሬኑ ጎማ ቱቦ ለአዲሱ የጎማ ጉዞ ካጠረ፣ መኪናው ጉድጓድ በዘለለ ጊዜ ይበጠሳል። በቀድሞዎቹ ታኮማዎች ላይ ደግሞ የተራው ባለ አንድ ዲፈረንሻል ጎማ በ5 ቡሎን፣ የባለ ሁለቱ በ6 ቡሎን ይታሰር ነበር። የፊቱ ብቻ ከተለወጠ አንድ መለዋወጫ ጎማ ለፊትም ለኋላም አያገለግልም፤ በበረሃ መካከል የዚህ ዋጋ ከባድ ነው።

በመጨረሻም ባለቤቱ ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ሊነገረው የሚገባ አንድ እውነት አለ። የፊቱን እግር ከፍ ማድረግ የኋላውን ዲፈረንሻል ከድንጋይ አያድነውም። እርሱን ከመሬት የሚያርቀው የጎማው ትልቅነት ብቻ ነው፤ ያውም በዲያሜትሩ 5 ሳንቲሜትር የጨመረ ጎማ ዲፈረንሻሉን የሚያነሣው 2.5 ሳንቲሜትር ብቻ ነው።

የመኪና የፊት እግር እንደ አንድ አካል የሚሠራ ነው፤ ከፊሉን ወስዶ ከፊሉን መተው ያልተሰላ አዲስ መኪና መፍጠር ነው። መካኒኩ ብልሃት አለው፤ መሐንዲሱም ስሌት አለው። በዚያ መኪና ላይ የሚሳፈረው ሰው ግን ብልሃቱንም ስሌቱንም ሳይጠይቅ፣ ሁለቱንም አምኖ ይቀመጣል። ልኬቱ የሚወሰደው፣ ዳዶውም የሚጠበቀው ስለዚህ እምነት ሲባል ነው።