ጨብጥ የሁለት ሰው በሽታ ነው




ዛሬ እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ ሁላችንም ከምናውቃቸው ሕመሞች አንዱ የሆነው ጨብጥ ነው። የታወቀን ነገር እንደገና ማንሣት ትርፍ ሥራ የሚመስለው ይኖር ይሆናል። ይሁን እንጂ በደጎሎም ሆነ በመካነ ሰላም፣ በከላላም ሆነ በወረኢሉ በሽተኛ የሚቀበል ባለሙያ ሁሉ በቀላሉ ሊወድቅበት የሚችል አንድ ስሕተት ስላለ፣ ንግግሬን በእርሱ ላይ እወስናለሁ። ስሕተቱም አንዱን አክሞ ሌላውን መተው ነው።

የጨብጥ መንሥኤ ጀርመናዊው ሐኪም አልበርት ናይሰር እ.ኤ.አ. በ1879 ያገኘው ባክቴሪያ ነው። የሚተላለፈውም በግብረ ሥጋ ግንኙነት፣ እንዲሁም በወሊድ ጊዜ ከእናት ወደ ልጅ ነው። በአገራችን ግን በጨረቃ ወይም በጋለ ድንጋይ ላይ ከመሽናት ይመጣል የሚል እምነት ከቆየ ዘመን ጀምሮ አለ። እምነቱ ጉዳት የሌለው ይመስላል፤ ነገር ግን በሽታውን ከጨረቃ ያገኘሁት ነው ብሎ የሚያምን ሰው የትዳር ጓደኛውን ወደ ሕክምና የሚጠራበት ምክንያት አይኖረውም።

ነገሩን በምሳሌ እንመልከት። አንድ የደጎሎ ገበሬ በሰሊጥ አጨዳ ወቅት ለቀን ሥራ ወደ መተማ ወረደ እንበል። ቤቱ በገባ በሦስተኛው ቀን ሽንቱ ያቃጥለዋል፤ መግልም ያያል። ከጤና ጣቢያ ቀርቦ መርፌ ይወጋል፤ ይድናልም። ባለቤቱ ግን ምንም አይሰማትም፤ በጨብጥ ከሚያዙት ሴቶች ብዙዎቹ ምልክት አያሳዩምና። ከወር በኋላ ሰውየው በዚያው ሕመም ተመልሶ «መድኃኒቱ አልሠራም» ይላል። መድኃኒቱስ ሠርቶ ነበር፤ ያልታከመው ቤቱ ነው።

በሴቲቱ ዘንድ በሽታው ከማኅፀን በር ወደ ማኅፀንና ወደ ማኅፀን ቱቦዎች ሊወጣ፣ ቱቦዎቹም ጠባሳ ይዘው ሊደፈኑ ይችላሉ። ከዓመታት በኋላ መካን ተብላ ከትዳሯ የምትወጣው እርሷ ናት። ነፍሰ ጡር ከሆነች ደግሞ ሕፃኑ በተወለደ በጥቂት ቀናት ውስጥ ዐይኑ ሊያብጥ፣ መግልም ሊቋጥር ይችላል፤ ፈጥኖ ካልታከመም ሊታወር ይችላል። ለአራስ ሕፃን የቴትራሳይክሊን የዐይን ቅባት የምናደርግለት ለዚህ ነው። በቤት የተወለደው ግን ይህ ጥንቃቄ ሊያመልጠው ይችላል።

መድኃኒትም ወሰን አለው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ሰልፋ፣ በ1940ዎቹም ፔኒሲሊን ጨብጥን ድል የነሡት መስሎ ነበር። በ1976 ፔኒሲሊንን የሚያፈርስ ዝርያ ተገኘ፤ ቆይቶም ሲፕሮፍሎክሳሲን ኃይሉን አጣ። ዛሬ የምንመካበት ዋናው መድኃኒት ሴፍትሪያክሶን ነው። እንግዲህ ያለ ማዘዣ ተገዝቶ በግማሽ የተዋጠ እንክብል፣ እንዲሁም ከሚስት ወደ ባል የሚመላለስ በሽታ ይህንንም ሊያሳጡን ይችላሉ።

ስለዚህ መግል ያየ በሽተኛ በቀረበ ጊዜ፣ አብሮ የሚገኘውን ክላሚዲያንም ጨምረን በመመሪያው መሠረት እናክም። የኤች.አይ.ቪ.ና የቂጥኝ ምርመራ እናቅርብለት። ባለፉት ሁለት ወራት የተገናኛቸውን ሁሉ እንዲያመጣ መጥሪያ እንስጠው። ሁለቱም ታክመው ሰባት ቀን እስኪሞላ ድረስ ከግንኙነት እንዲቆጠቡ፣ ከዚያም ወዲያ ከትዳር ውጭ ከሄደ በኮንዶም እንዲጠቀም እንምከረው። «ከማን አመጣኸው?» የሚለው ጥያቄ ቤት ሊያፈርስ እንደሚችል ግን አንርሳ። የእኛ ድርሻ ማከምና ምስጢር መጠበቅ እንጂ ዳኝነት አይደለም።

አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ። ሰውየው ሀፍረቱን ውጦ በሽታውን ገልጦልናል። ባለቤቱን ከመዝገባችን ውጭ ካስቀረናት፣ እንግዲህ በሽታውን የደበቅነው እኛው ነን።