ከበርሜሉ በኋላ የሚቀረው መሬት
(ለማኅበሩ አባላት የተዘጋጀ ንግግር)



ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ጎጃም የሚጓዝ ሰው ጎሐ ጽዮንን እንዳለፈ ወደ ዓባይ ሸለቆ ይወርዳል፤ ወንዙንም ተሻግሮ ከአንድ ሺህ ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ሽቅብ ከወጣ በኋላ ደጀን ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2008 በጃፓን መንግሥት እርዳታ ተሠርቶ የተመረቀው አዲሱ ድልድይ መሻገሪያውን አቅልሎታል፤ ቁልቁለቱን ግን አላሳጠረውም። የከባድ መኪና ነጂዎች ይህን መንገድ የሚያስታውሱት በተቃጠለ ፍሬን ሽታ ነው።

ለዚህ ንግግር መነሻ የሆነውም ይኸው ቁልቁለት ነው። በምሥራቅ ጎጃም ደጋ በአንድ መጋዘን ውስጥ ጊዜው ያለፈበት የፀረ ተባይ መርዝ ቢገኝና ከአገር ይውጣ ቢባል፥ ወደ ጅቡቲ ወደብ የሚያደርሰው ዋናው መንገድ በደጀን በኩል አልፎ ሸለቆውን ይወርዳል። መርዙ እዚያው ባለበት ይቅር ቢባል ደግሞ ከሥሩ ያለው ምድር ውኃውን የሚያፈስሰው ወደዚያው ሸለቆ ነው። ቢነሣም ቢተውም ነገሩ ዓባይ ዘንድ መድረሱ አይቀርም። ልዩነቱ በመጀመሪያው መንገድ ታሽጎና ተቆጥሮ ሲያልፍ፥ በሁለተኛው ግን ማንም ሳያየው መውረዱ ነው።

ስለተጣለ አደገኛ የኢንዱስትሪ ቆሻሻ ሲወሳ የብዙ ሰው አሳብ የሚሄደው ወደ አቃቂ ወንዝ ዳር ፋብሪካዎች ነው። ይሁን እንጂ በኢትዮጵያ በሰፊው ተመዝግቦ፥ ታሽጎና ከአገር ተጓጉዞ የወጣው አደገኛ ቆሻሻ የተገኘው ከፋብሪካ ግቢ ሳይሆን ከግብርናና ከጤና መጋዘኖች ነው። አመጣጡም ለክፋት አልነበረም። የወባ ማጥፋት አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ1959 ሲቋቋም የቤት ግድግዳ በዲዲቲ መርጨት የዘመኑ ታላቅ ተስፋ ነበር። ቆላ ወርዶ በንዳድ የተያዘ ዘመድ ያልቀበረ ደገኛ በማይገኝበት አካባቢ ያንን ተስፋ ማቃለል አይቻልም። አንበጣን ለመከላከል ዲልድሪን፥ ለተምችና ለሌላው የሰብል ተባይ ደግሞ ማላታዮን፣ ፌኒትሮታዮንና ሊንዴን የመሳሰሉት በግዥም በእርዳታም ገቡ። ተባይ ቀጠሮ አክብሮ አይመጣም። መንጋው ሲታይ ይታዘዛል፤ ወረቀቱ ሲጠና፥ መርከቡ ሲጓዝ፥ ጭነቱ ከወደብ ሲነሣ መንጋው ወይ አልፏል ወይ አጥፍቶ ሄዷል። የተረፈው ወደ መጋዘን ይገባል፤ በሚቀጥለው ዘመን ደግሞ አዲስ ይታዘዛል።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች ጉዳዩን አባብሰውታል። አንደኛው ስሙ ነው። ገበሬውም የግብርና ሠራተኛውም ይህን ሁሉ የሚጠሩት «መድኃኒት» ብለው ነው። መድኃኒት የተባለን ነገር ሰው አይጥልም፤ ለክፉ ቀን ያስቀምጣል። ባዶው በርሜልም የመድኃኒት በርሜል ስለሆነ ታጥቦ ውኃ ይቀዳበታል፤ እህል ይቀመጥበታል። ሁለተኛው የንብረት ደንብ ነው። በሞዴል 19 ገቢ የሆነ ዕቃ በሞዴል 22 ወጪ ካልሆነ ከመዝገብ አይሰረዝም። በርሜሉ ዝጎ ቢያፈስስም የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ በፊርማው የተረከበው ሀብት ነውና፥ ጎድሎ ቢገኝ ተጠያቂው እርሱ ነው። እንዲህ እየሆነ፥ ቁልፉን ከሌላው ሰው እየተረከበ በመርዝ ጢስ ውስጥ ሲቆጥር የኖረ የመጋዘን ሠራተኛ በየአውራጃው ነበር። ስለ አካባቢ ብክለት በሚጻፉ ሰነዶች ውስጥ ይህ ሰው ብዙም አይነሣም፤ ከሁሉ በፊትና ከሁሉ በላይ የተጋለጠው ግን እርሱ ነው።

ጊዜው ያለፈበት መርዝ ኃይሉ የደከመ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1976 በፓኪስታን የሆነው ይህን እምነት ያፈርሳል። ለወባ መከላከያ ማላታዮን ይረጩ ከነበሩ 7,500 ያህል ሠራተኞች መካከል ወደ 2,800 የሚሆኑት ተመረዙ፤ አምስቱም ሞቱ። ምርመራው እንዳሳየው ዱቄቱ በክምችት ላይ ሳለ ከውስጡ ክፍሉ ተለውጦ አይሶማላታዮን የተባለ፥ ሰውነት ማላታዮንን የሚያከሽፍበትን ኃይል የሚያግድ ውሁድ ፈጥሮ ነበር። ኦርጋኖክሎሪን ከሚባሉት ወገን የሆኑት ዲዲቲና ዲልድሪን ደግሞ ባሕርያቸው ሌላ ነው። እነርሱ ቶሎ አይለወጡም፤ በአፈር ውስጥ ለብዙ ዓመታት ይቆያሉ።

እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ በተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት ድጋፍ የኢትዮጵያ መንግሥት ይህን ክምችት ማስወገድ ጀመረ። ከአሜሪካ፣ ከስዊድንና ከኔዘርላንድስ በተገኘ እርዳታ በመጀመሪያው ምዕራፍ ወደ 1,500 ቶን የሚሆን መርዝ ታሽጎ ወደ ፊንላንድ ተላከ፤ ያን ጊዜ ኤኮኬም ይባል በነበረው ድርጅት የሪሂማኪ ምድጃ ውስጥም ተቃጠለ። እ.ኤ.አ. በ2005 የአፍሪካ ክምችቶች ፕሮግራም የተባለው ሰፊ እንቅስቃሴ ሲጀመር ኢትዮጵያ ከመጀመሪያዎቹ ሰባት አገሮች አንዷ ነበረች።

ሥራው በወረቀት ላይ ሲታይ ቀላል ይመስላል። በተግባር ግን የሚጀመረው ከመጋዘኑ ውጭ ነው። በመጀመሪያ የነፋሱ አቅጣጫ ይታያል፤ ከዚያ ግቢው በሦስት ይከፈላል። አንደኛው መርዙ ያለበት፥ ሁለተኛው ሠራተኛው ልብሱን የሚያወልቅበትና የሚታጠብበት፥ ሦስተኛው ንጹሑ ክፍል ነው። ይህ መስመር ካልተከበረ የጥንቃቄ ልብስ ብቻውን ዋጋ የለውም። ሠራተኛው መርዙን በጫማው ወደ ምሳው ይዞት ይሄዳልና። በደጋው ፀሐይ ውስጥ በጎማ ልብስና በጭንብል መሥራት የሚቻለው ለአጭር ጊዜ በመሆኑ፥ የሥራውን ፍጥነት የሚወስነው የሰው ላብ ነው እንጂ የመሣሪያ ጉልበት አይደለም። በርሜሉ ሳይነቀነቅ ይጤናል፤ ጽሑፉ የጠፋበት ናሙናው ይመረመራል፤ አሲድነት ያለው ከሌላው ይለያል። የፈሰሰው በመጋዝ ብናኝ ወይም በሌላ መጣጭ ነገር ይታፈሳል። የሚያፈስሰው በርሜል ከነነፍሱ በሌላ ትልቅ የብረት በርሜል ውስጥ ይገባል። አዲሱም በርሜል የተባበሩት መንግሥታት የአደገኛ ጭነት ምልክት ያለበት መሆን አለበት፤ ያለዚያ መርከብ አይጭነውም። ጭነቱ ከመነሣቱ በፊት ደግሞ በባዝል ስምምነት መሠረት ላኪው፣ ተቀባዩና ጭነቱ የሚያልፍባቸው አገሮች ሁሉ በጽሑፍ ተጠይቀው መፍቀድ ይኖርባቸዋል። ይህ ፈቃድ ብዙ ወራት ሊወስድ ይችላል። የታሸገውም በርሜል ያን ጊዜ ሁሉ ጥበቃ ይፈልጋል።

«ይህን ሁሉ ድካም ምን አመጣው? እዚሁ ቢቃጠልስ?» የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። ክሎሪን ያለበት መርዝ በጉድጓድ ወይም በሜዳ ላይ ሲቃጠል ዳይኦክሲን የተባለውን የባሰ መርዝ ይወልዳል። በአውሮፓ ሕግ ከመቶ አንድ እጅ በላይ ክሎሪንና መሰሎቹን የያዘ አደገኛ ቆሻሻ ሲቃጠል ጋዙ ቢያንስ በ1,100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለሁለት ሰከንድ መቆየት አለበት። የሲሚንቶ ምድጃ ድንጋዩን እስከ 1,450 ዲግሪ ስለሚያደርስ ከዚህ ሙቀት ያልፋል፤ የደጀን አካባቢም በኖራ ድንጋይ የታደለ ነውና አሳቡ ለወደፊቱ የሚናቅ አይደለም። ይሁን እንጂ ሙቀት መኖሩ ብቻ አይበቃም። መርዙን በተመጠነ መጠን የሚመግብ መሣሪያ፥ ከጭስ ማውጫው የሚወጣውን የሚለካ ላቦራቶሪ፥ ውጤቱ መጥፎ ሲሆን ምድጃውን «አቁም» የሚል ሥልጣን ያለው ሰው ያስፈልጋል። ሦስተኛው ከሁለቱ ይከብዳል።

እስከዚህ የተባለው ስለ በርሜሉ ነው። የመጨረሻው መኪና ሲወጣ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ ሪፖርቱም ይዘጋል። ለመሐንዲስ ግን ዋናው ጥያቄ የሚጀምረው ያን ጊዜ ነው፤ ወለሉና ከወለሉ በታች ያለው መሬት እዚያው ቀርቷልና።

ደጀንን ለአብነት እንውሰድ። በከተማው ዙሪያ በስፋት የሚታየው ዋልካ አፈር ነው። ዋልካ ከሸክላ የተሠራ በመሆኑ ዲዲቲን አጥብቆ ይይዛል፤ ዲዲቲም በውኃ የማይሟሟ ያህል ነው። ስለዚህ በመጽሐፍ ሲታይ መርዙ ከላይ ሊቀር ይገባዋል። ነገር ግን ዋልካ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ከሰው ክንድ የሚጠልቅ ስንጥቅ ይከፍታል። የሰኔ የመጀመሪያው ዝናብ ሲወርድ አፈሩ አብጦ ስንጥቁን ከመግጠሙ በፊት ከላይ ያለውን ትቢያ አጥቦ ወደ ታች ያወርደዋል። በተጨማሪም ፈሳሽ መርዝ የሚዘጋጀው ዛይሊንን በመሰለ ማሟሟያ ስለሆነ፥ ማሟሟያው ሲፈስስ ለብቻው የማይንቀሳቀሰውን ዲዲቲ ይዞት ይወርዳል። ከአፈሩ ሥር የተሰነጠቀ ጥቁር ድንጋይ አለ፤ ከእርሱ በታች የኖራ ድንጋይ፥ ቀጥሎ ጀሶ ያለበት ንብብር፥ ከሸለቆው ግርጌ አሸዋ ድንጋይ ይገኛል። ኖራ ድንጋይና ጀሶ በውኃ የሚቦረቦሩ ናቸው። እንዲህ ባለ ምድር ውኃ ተጣርቶ አይወርድም፤ በቀዳዳ ይሮጣል። በገደሉ ወገብ ከሚፈልቅ ምንጭ የሚቀዱ ሰዎች ከበላያቸው አምባ ላይ ምን እንደተቀበረ የሚያውቁበት መንገድ የላቸውም።

ስለዚህ በእንዲህ ያለ ስፍራ «ቆፍረን እንቅበረው» የሚለው ምክር ከመነሻው ውድቅ ነው። የሚሻለው እንደ ብክለቱ መጠን ይለያያል። በመጀመሪያ ግቢው በካሬ ተከፋፍሎ ከላይም ከጥልቀትም ናሙና ይወሰዳል፤ ከግቢው ውጭ ካልተነካ መሬትም ለማነጻጸሪያ ይወሰዳል። መርዙ እጅግ የበዛበት አፈር ብዙውን ጊዜ ከማራገፊያው በርና ከወለሉ ስንጥቅ ሥር በጠባብ ቦታ የተከማቸ ስለሚሆን፥ እርሱ ተቆፍሮ እንደ መርዙ ሁሉ በበርሜል ይታሸጋል። ቀለል ያለው መርዙን አጥብቆ ከሚይዝ፥ ለዚሁ ከተዘጋጀ የከሰል ዱቄት ጋር ይቀላቀላል፤ ውኃ በማያስገባ ንጣፍ ይሸፈናል፤ ዙሪያውን የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ይሠራለታል። ሽፋኑ ከዋልካ ብቻ ቢሠራ በመጀመሪያው በጋ ይሰነጠቃል፤ ከላዩ እርጥበቱን የሚጠብቅ ሌላ አፈር ሊደረብበት ይገባል። በግቢው አትክልት አይተከልም፤ ይልቁንም ዱባ። ዱባ የዲዲቲን ቅሪት ከአፈር ስቦ ወደ ግንዱና ወደ ፍሬው በማውጣት ከብዙ ተክሎች የበለጠ መሆኑ በጥናት ታውቋል። በየአጥሩ ዱባ በሚሳብበት አገር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ሽፋን የተደረገለት መሬት ባለቤት ካላገኘ ግን ምን እንደሚከተል አሜሪካ በናያጋራ ከተማ አይታለች። አንድ የኬሚካል ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ1942 እስከ 1953 ወደ 21,000 ቶን ቆሻሻ ላቭ በተባለ ቦይ ውስጥ ቀብሮ በሸክላ ሸፈነው፤ መሬቱንም በአንድ ዶላር ለትምህርት ጽሕፈት ቤት አስረከበ። ትምህርት ቤትና መኖሪያ ቤት ተሠራበት፤ ሽፋኑም በግንባታው ተቀደደ። እ.ኤ.አ. በ1978 የአስቸኳይ ጊዜ ሁኔታ ታውጆ ነዋሪው መነሣት ጀመረ። የተቀበረው ነገር በርክክቡ ሰነድ ላይ ተጠቅሶ ነበር፤ ሰነዱ መሳቢያ ውስጥ ሲቀመጥ ቤቱ ይሠራ ነበር እንጂ።

በኢትዮጵያ ሕጉ የለም ማለት አይቻልም። አዋጅ ቁጥር 300/1995 ስለ አካባቢ ብክለት፥ አዋጅ ቁጥር 674/2002 ስለ ፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር፥ አዋጅ ቁጥር 1090/2010 ስለ አደገኛ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ ወጥተዋል። የሚያሳስበው መጋዘኑ ባዶ ከሆነ በኋላ ያለው ርክክብ ነው። ከተሞች እየሰፉ ነው። ትላንት ከከተማ ዳር የነበረ የግብርና መጋዘን ዛሬ መካከል ላይ ሆኗል፤ ባዶ ግቢም ለወፍጮ ቤት፣ ለመዋዕለ ሕፃናት፣ ለእህል ማከማቻ ይፈለጋል። የከተማውን ፕላን የሚነድፉት፥ የመሠረት ቁፋሮውን የሚቆጣጠሩት፥ የውኃ ጉድጓዱን ቦታ የሚመርጡት የዚህ ማኅበር አባላትና ባልደረቦቻቸው ናቸው። ግቢው ቀድሞ ምን ይቀመጥበት እንደነበር በፕላኑ ላይ በቀለም መመልከት አለበት፤ ከይዞታ ማኅደሩም ጋር አብሮ መተላለፍ አለበት። አሮጌው የሞዴል 19 ጥራዝ ከተገኘም እንዳይቃጠል። የትኛው መርዝ፥ በስንት በርሜል፥ በየትኛው ዓመት እንደገባ የሚናገር ሌላ ምስክር ላይኖር ይችላል። ከግቢው በታች ካለው ምንጭ የሚወሰደው የውኃ ናሙና ደግሞ በዓመት አንድ ጊዜ፥ በሚመች ወር የሚቀዳ ሳይሆን፥ አንዴ በበጋው መጨረሻ፥ አንዴም የሰኔው የመጀመሪያ ጎርፍ በወረደ ሰሞን ሊሆን ይገባል።