ፕላንም ይነበባል

(በአንድ ዘማች ተማሪ ለመሠረተ ትምህርት ተከታዮች የተደረገ ንግግር፤ ሚዛን ተፈሪ)



በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ዓላማው ሰው ፊደል እንዲቆጥር ብቻ አልነበረም፤ ያነበበውን ለኑሮው እንዲያውለው ጭምር እንጂ። ዛሬ የምንነጋገረው፣ ቡና ለሚያመላልስ መኪና ማደሪያ የሚሆን ጋራዥ ለመሥራት ፈቃድ ሲጠየቅ ስለሚቀርበው ፕላን ነው።

«ለአራት ግድግዳና ለቆርቆሮ ደግሞ ምን ፕላን ያስፈልጋል?» የሚል አይጠፋም። እስቲ እናስበው። ሚዛን ተፈሪና ቴፒ ዝናብ የሚበዛበት አገር ነው። ከቆርቆሮው የሚወርደው ውሃ መሄጃው አስቀድሞ ካልታሰበ፣ ከጎረቤት የቡና ማስጫ አልጋ ሥር ይገባል። ቡናው ይሻግታል፤ ጉርብትናውም አብሮ ይበላሻል። የቆመ ግድግዳ ማፍረስ ከባድ ነው፤ የእርሳስ መስመር ግን በላጲስ ይጠፋል።

ታዲያ ፕላን እንዴት ይነበባል? በመጀመሪያ ስኬሉን ተመልከቱ። 1፡100 ከተባለ፣ በወረቀቱ ላይ 1 ሳንቲ ሜትር ማለት በመሬት ላይ 1 ሜትር ነው። 3 ሜትር በ6 ሜትር የሆነ ጋራዥ 3 በ6 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ይሳላል። ማስመሪያ ይዛችሁ ለኩት። ቀጥሎ የቦታውን ፕላን እዩ፤ የሰሜን ቀስት፣ ወሰናችሁ፣ መንገዱ፣ ቤታችሁና የውሃው መውረጃ ሊታዩ ይገባል። የወለሉ ፕላን የበሩን ቦታና ስፋት፣ ቁርጡ ደግሞ መሠረቱንና የጣሪያውን ተዳፋት ያሳያል።

ሌላም ነገር አለ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕንፃዎችን «ሀ»፣ «ለ» እና «ሐ» ብሎ በ3 ምድብ ከፈለ። ምሰሶ ከምሰሶው ከ7 ሜትር ያልበለጠ፣ ፎቅ የሌለው ቤት «ሀ» ሲሆን፣ ዎርክሾፕ ግን «ሐ» ተባለ። በሰው አፍ መኪና ማደሪያውም መጠገኛውም «ጋራዥ» ነው፤ በሕግ ፊት ግን አንድ አይደሉም። ስለዚህ ማመልከቻው ላይ የትኛው እንደሆነ ለይታችሁ ጻፉ። የይዞታ ማስረጃችሁንም አትርሱ።

አንዳንዴ የሌላ ሰው ቦታ ፕላን ስሙ ብቻ ተቀይሮ ሊቀርብላችሁ ይችላል። ወሰኑ የእናንተ ካልሆነ አትፈርሙ! ድሮ ሰው ጣቱን ቀለም እያስነከረ ያልገባውን ወረቀት ሲያጸድቅ ኖሯል። እናንተ ግን በዚያው ጣት መስመሩን እያሳያችሁ «ይኼ ምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ሳይገባችሁ እስክሪብቶ አታንሡ።