ሕጉ ከመንገዱ ዳር እንዳይቀር
(ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር)



ከአዋሽ ሰባት ኪሎ ተነሥቶ ሰመራ የሚደርሰው አስፋልት ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል። የጅቡቲ ወደብ ጭነት ሌት ተቀን ይመላለስበታል። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ግን በምጥ የተያዘች ሴት በቃሬዛ ሆና አስፋልቱን ፍለጋ የምትጓዝበት ሰፊ ምድር አለ። የዛሬው ንግግር ስለ እርሷ ነው።

በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳመለከተው፥ በአፋር ክልል ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆኑት ሴቶች 91 በመቶ ያህሉ የተገረዙ ናቸው፤ የአገሪቱ አማካይ 65 በመቶ ነበር። በአፋር ድርጊቱ በአብዛኛው የሚፈጸመው በሕፃንነት ሲሆን፥ ከመቁረጥ አልፎ መስፋትም የቆየ ልማድ ነው። የተሰፋው አካል ጠባሳ በወሊድ ጊዜ እንደ ልብ አይለጠጥም፤ ምጡ ይረዝማል፥ ደም ይፈሳል፥ እናትና ልጅ ለአደጋ ይጋለጣሉ።

«ባህል ነው» የሚል አይጠፋም። ባህል መከበር ይገባዋል፤ ነገር ግን አፏን ያልፈታች ሕፃን አካሏ ሲቆረጥ እሺም እምቢም ለማለት አትችልም። ስለዚህ ጉዳዩ ከሁሉ አስቀድሞ የሰብአዊ መብት ጉዳይ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1993 ግርዛትን በሴቶች ላይ ከሚፈጸሙት የኃይል ድርጊቶች መካከል ቆጥሮታል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 በሴቶች አካል ወይም አእምሮ ላይ ጉዳት የሚያስከትሉ ልማዶችን ከልክሏል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 565 ግርዛትን፥ በአንቀጽ 566 መስፋትን ወንጀል አድርጎ፥ ለመስፋቱ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ጽኑ እስራት ወስኗል።

ይሁን እንጂ ንድፍ ብቻውን ድልድይ እንደማይሆን የዚህ ማኅበር አባላት ከማንም ይልቅ ያውቃሉ። ሕግም ሰው ዘንድ መድረስ አለበት። አፋሮች «ዳጉ» የሚሉት የዜና መለዋወጫ ሥርዓት አላቸው፤ መንገደኞች ሲገናኙ ቁጭ ብለው ያዩትንና የሰሙትን ይነጋገራሉ። ሕጉም፥ ድርጊቱ የሃይማኖት ግዴታ አለመሆኑን የሚያስተምሩት ሸኾች ቃልም በዚሁ በዳጉ መጓዝ ይገባቸዋል።

የመሐንዲሱም ድርሻ ቀላል አይደለም። የዱብቲ ሆስፒታል ለሰመራ ቅርብ ነው፤ ከአስፋልቱ ርቃ ለምታምጥ ሴት ግን ሩቅ ነው። መጋቢ መንገድ ሲቀየስ፥ የጤና ጣቢያ ቦታ ሲመረጥ፥ የውሃ ጉድጓድ ሲቆፈር፥ የሚጠየቁት የጎሣ ሽማግሌዎች ብቻ መሆናቸው ይብቃ፤ ሴቶቹም ይጠየቁ። በሕፃንነቷ ያልተጠየቀች ሴት፥ ቢያንስ የሕይወቷ መንገድ ሲሠራ ልትጠየቅ ይገባታል።