ስለ ጣና ታንኳ አያያዝና አጠጋገን



የደጋ ልጆች ስለ ታንኳ ሊናገሩ መነሣታቸው ያስገርማችሁ ይሆናል። እውነቱን ለመናገር ጥበቡን የተማርነው በማበላሸት ነው።

ባለፈው ዓመት ከጎንደር 60 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን ወደ ጎርጎራ ወርደን ነበር። ደብረ ሲና ማርያምን ጎብኝተን ወደ ሐይቁ ዳር ስንደርስ፣ አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ታንኳቸውን ከውኃ እንድናወጣላቸው ጠየቁን። እኛም ጉልበታችንን ልናሳይ ቸኩለን ከፊቷ ብቻ ይዘን በድንጋይ ላይ ጎተትናት። ወዲያው ከሥሯ ያለው ማሠሪያ ተበጠሰ፤ ደንገሉም ተፈታ። ሽማግሌው አልተቆጡም፤ «ልጆቼ፣ እንጀራዬ እኮ ናት» ብቻ አሉ። ከቁጣ ይልቅ ይህ ቃል አሳፈረን። «አባባ፣ ሳንጠግናት አንሄድም» አልናቸው፤ አብረናቸውም ውለን ተማርን።

የጣና ታንኳ ሳንቃም ሚስማርም የላትም፤ በገመድ የተጠፈረ የደንገል ነዶ ናት። የደንገል አገዳ ውስጡ እንደ ስፖንጅ ሆኖ አየር ስለያዘ ይንሳፈፋል፤ ውኃ ሲጠጣ ግን ይከብዳል፣ ቆይቶም ይበሰብሳል። ስለዚህ ታንኳ ከሥራ በኋላ ከውኃ ወጥታ በፀሐይ ልትደርቅ ይገባል።

አወጣጧም ሥርዓት አለው። በመጀመሪያ ጭነቱ ሁሉ ይወርዳል። ሁለተኛ፣ ድንጋይ የሌለበት ዳርቻ ይመረጣል፤ ከሌለም ከሥሯ ሣር ይነጠፋል። ሦስተኛ፣ ሰዎች በግራና በቀኝ ተከፋፍለው፣ ወገቧንም ደግፈው፣ በአንድ ሰው ትእዛዝ እኩል ያነሣሉ። ስታርፍም በቀስታ ትቀመጣለች እንጂ አትጣልም።

የተጎዳች እንደ ሆነ አስቀድማ ትደርቃለች፤ በርጥቡ የታሰረ ደንገል ሲደርቅ ይቀጥናልና ማሠሪያው ይላላል። ከዚያ የተሰበረው አገዳ ይወጣል፤ አዲሱም ደንገል ከስብራቱ ወዲያና ወዲህ አልፎ ጤነኛውን ክፍል እስኪይዝ ድረስ በቁመቱ ይገባል። ማሠርም የሚጀመረው ከጤነኛው ወገን ነው፤ አንዱ በጉልበቱ ይጫናል፣ ሌላው ገመዱን ይስባል። በመጨረሻም ባዶዋን ዳር ላይ ትሞከራለች፤ ካልተጣመመች ብቻ ትጫናለች።

የአንድ ገመድ ጥቅም ምን ያህል እንደ ሆነ የሚያስረዳ ታሪክ አለ። በ1961 ዓ.ም. (በአውሮፓ 1969) ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል ከጣና በተወሰደ ደንገል «ራ» የተባለች ጀልባ አሠርቶ ከሞሮኮ ወደ ምዕራብ ተነሣ። የእኛ ታንኳ በዘንግ ስትነዳ ራ ግን በሸራ ትሄድ ነበር፤ የሸራዋም ምሰሶ ክብደቱ በደንገሉ ላይ እንዲከፋፈል ሁለት እግር ነበረው። የጥንት ግብፃውያን ሥዕሎች የጀልባዋን የኋላ ጫፍ ወደ ላይ ወጥሮ የሚይዝ ገመድ ያሳያሉ፤ ይህ ገመድ ግን ሥራ የሌለው መስሏቸው ቀረ። ከዚህም የተነሣ ኋላዋ እየሰጠመ ሄደ፤ ባርቤዶስ ለመድረስ ጥቂት ቀን ሲቀራት ተጓዦቹ ትተዋት ወጡ። ሆኖም ከስሕተታቸው ተምረው በ1962 ዓ.ም. «ራ ሁለት»ን አስነሡ፤ እርስዋም በ57 ቀን ባርቤዶስ ገባች።

እንግዲህ እኛ ዘንድሮ ትምህርታችንን ፈጽመን ከዚህ ቤት ልንወጣ ነው። ከጎርጎራው አባት የተቀበልነውን ሁለት ምክር ለታናናሾቻችን ትተን እንሄዳለን፤ ጥቅሙን ያላወቃችሁትን ገመድ አትቍረጡ፤ የሰው ንብረት ያጠፋችሁ እንደ ሆነም ከመሸሽ ይልቅ ቆማችሁ ጠግኑ።