ካርዱ የማን ነው?

(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ኮሚቴው ስለ ጤና አንድ ነገር ተናገር ብሎ ሲያዘኝ፣ እኔ ሐኪም አይደለሁ፣ ትምህርቴም ከስድስተኛ ክፍል አላለፈ፣ ምን ልናገር ነው ብዬ ነበር። በኋላ ሳስበው ግን 31 ዓመት በመዝገብ ቤት ጸሐፊነት ሳገለግል፣ የአንዱ ሰው ፋይል ከሌላው እንዳይቀላቀል ስጠብቅ ነው የኖርኩት። ለካስ በሰፈር ክሊኒክም ትልቁ ነገር ይኸው ኖሯል።

በራሴ ቤት የደረሰውን ላስቀድም። ባለቤቴ በ1987 ዓ.ም. የመጨረሻ ልጃችንን በወለደች ጊዜ ፔኒሲሊን ተወግታ ሰውነቷ ሁሉ አብጦ ነበር። ሐኪሙም “ይህ መድኃኒት አይስማማሽም፣ በሄድሽበት ሁሉ ተናገሪ” አላት። ከዚያ በኋላ በምንታከምበት ክሊኒክ ነገሩን ነግረን በካርዷ ላይ በቀይ ቀለም ተጻፈ። እኛም ተጽፏል ብለን ተኛን።

በ2009 ዓ.ም. ጉሮሮዋን አሟት፣ ትኩሳትም ይዟት ወደዚያው ክሊኒክ ወሰድኳት። የክሊኒኩን ስም አልጠራም። ካርድ ክፍሉ በስሟና በአባቷ ስም ፈልጎ አንድ ካርድ አወጣ። የአያት ስም የጠየቀ የለም። መርፌ ክፍል ስንገባ ካርዱ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቷል፤ ዕድሜ 34 ይላል። ባለቤቴ ያን ጊዜ 50 አልፏታል። ቀይ ጽሑፍም የለበትም። እኔ የመዝገብ ቤቱ ሰው ይህን አየሁ። አይቼም ዝም አልኩ። “እነሱ ያውቃሉ፣ ሥራቸው ውስጥ ገባ ይሉኛል” አልኩ በልቤ።

መርፌውን በተወጋች በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ከንፈሯ አበጠ፣ ትንፋሽ አጠራት፣ ተዝለፈለፈች። ነርሷ ግን አልተደናገጠችም። ቶሎ አስተኝታ እግሯን ከፍ አደረገችና ከመሳቢያ አድሬናሊን አውጥታ ጭኗ ላይ ወጋቻት። ከዚያ በአምቡላንስ ሆስፒታል ገባች። ዛሬ ይኸውና እዚያ ከሴቶቹ መካከል ተቀምጣ ታዳምጠኛለች። ያቺ መሳቢያ ባዶ ብትሆን ኖሮ ግን የእድራችን ድንኳን በእኔ ደጅ ይተከል ነበር። በአንድ ክሊኒክ፣ በአንድ ቀን፣ የካርድ ክፍሉ ስሕተት ሊገድላት ሲል የነርሷ ዝግጁነት አዳናት። ጥራት የሚባለው ታዲያ ይህ ነው፤ የግድግዳው ቀለምና የወንበሩ ልስላሴ አይደለም።

እንግዲህ እኛ ያልተማርነው በሽተኞች ምን ማየት እንችላለን? እኔ የደረስኩበትን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ካርዱ ነው። በአገራችን ስምና የአባት ስም የሚገጥሙ ሰዎች በአንድ ቀበሌ ብቻ ስንት ናቸው? ስለዚህ ባይጠይቋችሁም የአያት ስምና ዕድሜ ተናገሩ። የማይስማማችሁ መድኃኒት ካለ ለሐኪሙም፣ መርፌ ለሚወጋውም፣ ለመድኃኒት ቤቱም ሳትሰለቹ ድገሙ።

ሁለተኛው መርፌው ነው። እኛ ልጆች ሳለን የመስታወት ስሪንጅ በቆርቆሮ ሣጥን ተቀቅሎ ለብዙ ሰው ይሠራ ነበር። አሁን ስሪንጅና መርፌ ለአንድ ሰው፣ ለአንድ ጊዜ ብቻ ነው። ፓኬቱ ዓይናችሁ እያየ ይቀደድ። ሲያበቃ ወዲያው መርፌ በማይበሳው የመጣያ ሣጥን ይግባ። በአንድ መርፌ መጋራት ኤች አይ ቪ ብቻ ሳይሆን ጉበት የሚያጠቃው ሄፓታይተስ ቢ እና ሲም ይተላለፋል። ከተወጋችሁም በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል እዚያው ቆዩ፤ እንደ ባለቤቴ ያለው ነገር ቶሎ የሚመጣ ነውና።

ሦስተኛው እጅ ነው። ነርስ የሆነችው ልጄ እንዳስረዳችኝ፣ ዜመልቫይስ የሚባል ሐኪም በቪየና ከተማ አንድ የማዋለጃ ክፍል ውስጥ በ1847 እ.ኤ.አ. ሐኪሞች እጃቸውን በክሎሪን ውሃ እንዲታጠቡ አዘዘ። በፊት በ1846 በዚያ ክፍል ከ100 እናቶች 11 ያህል ይሞቱ የነበሩት በ1848 ወደ አንድ ገደማ ወረዱ። አዲስ መድኃኒት አልተገኘም፤ እጅ ታጠበ እንጂ። ጓንትም ቢሆን ከአንዱ በሽተኛ ወደ ሌላው ካልተቀየረ የሐኪሙን እጅ ይጠብቅ ይሆናል፣ እኛን ግን አይጠብቅም።

አራተኛው መድኃኒቱ ነው። የሚያበቃበትን ቀን አንብቡ፤ ማንበብ የማይችል ልጁን ያስነብብ። አብዛኛው ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ መቀመጥ አለበት። መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ይህን መጠየቅ ነውር አይደለም።

አምስተኛው ፈቃዱ ነው። በ2004 ዓ.ም. ለጤና ተቋማት ዝቅተኛ መስፈርት ወጥቷል፤ የመጀመሪያ ደረጃ ክሊኒክ፣ መካከለኛ ክሊኒክና ልዩ ክሊኒክ እየተባለ ለየብቻ። የመጀመሪያ ደረጃ የሆነው የመካከለኛውን ሥራ እሠራለሁ ካለ ልብ በሉ። ፈቃዱ በግልጽ ቦታ መሰቀሉንና ዘመኑ አለማለፉን እዩ።

የራሳችንንም ጥፋት ሳልናገር ብወርድ ደግ አይደለም። ሐኪሙ “ጉንፋን ነው፣ እረፍና ትኩስ ነገር ጠጣ” ሲለን፣ “መርፌ ሳይሰጠኝ ገንዘቤን በላ” እያልን የምናማ እኛ ነን። አንቲባዮቲክ ጉንፋንን አያድንም። ያለ ቦታው በተወሰደ ቁጥር ተሕዋስያኑ ይለምዱትና በቸገረን ቀን አይሠራልንም። ነርሷንም በሰልፉ ብዛት አናጣድፋት፤ ካርድ የሚቀያየረው በጥድፊያ ነው።

ደግሞ ስንጠይቅ በትሕትና ይሁን። “እህቴ፣ ይቅርታ፣ ይህ ካርድ የባለቤቴ ነው? ዕድሜው አልገጠመልኝም” ማለት ማንንም አያዋርድም። እኔ ያን ቀን ያጣሁት ይህችን አንዲት ዓረፍተ ነገር ነው። አባቶች በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላሉ፤ ያየውን ስሕተት የደበቀም እንደዚያው ነው።

ለጉባኤው ሁለት ሐሳብ አቀርባለሁ። አንደኛ፣ እያንዳንዱ አባል ስሙን እስከ አያት፣ ዕድሜውን፣ የማይስማማውንና ዘወትር የሚወስደውን መድኃኒት በትንሽ ወረቀት ጽፎ ከመታወቂያው ጋር ይያዝ። መጻፍ ለማይችል እኔ ዘወትር እሑድ ጧት ከእድሩ ቢሮ ተቀምጬ እጽፋለሁ፤ ጽሕፈት እንደሆነ ሥራዬ ነበር። ሁለተኛ፣ ኮሚቴው ወደ ጤና ጣቢያችን ሄዶ በካርድ ላይ የአያት ስም ሁልጊዜ እንዲሞላ ይነጋገር።

እድራችን ለቀብር የሚሆን ድንኳን፣ ወንበርና ድስት አለው፤ ደግ ነው። ይሁን እንጂ ነገሩን ሳይቃጠል በቅጠል ብንለው ድንኳኑ መጋዘን ውስጥ አቧራ ቢጠጣ ማን ይቆጨዋል?