የቡና ብናኝና የሳንባ ጤና
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ በጅማ ከተማ የተደረገ ንግግር)




ከጅማ እስከ አጋሮ፥ ከሊሙ ገነት እስከ ጌራ ድረስ ኑሮው ከቡና ጋር ያልተያያዘ ቤተ ሰብ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ስለ ቡናው ጥራትና ዋጋ በየጉባኤው ብዙ ተብሏል። ጀንፈሉ ሲቀሸር የሚነሣውን ብናኝ ስለሚተነፍሰው ሠራተኛ ግን የተባለው ጥቂት ነው።

ነገሬን ከራሴ ስሕተት እጀምራለሁ። ትምህርቴን በጨረስሁ ሰሞን በአጋሮ አካባቢ ለተተከለ አንድ የቡና መቀሸሪያ የማሽኖቹን አቀማመጥ የነደፍሁት እኔ ነበርሁ። በሰዓት ስንት ኩንታል እንደሚቀሽር፥ ሞተሩ ምን ያህል ጉልበት እንደሚፈልግ በጥንቃቄ አስልቼ ነበር። ብናኙ ወዴት እንደሚሄድ ግን አላሰላሁም። ከሁለት ዓመት በኋላ ስመለስ ጀንፈሉን ወደ ማሽኑ የሚገለብጡትን፥ በዕድሜ አባቴ የሚሆኑትን ሠራተኛ አፍንጫቸውን በጨርቅ ሸፍነው አገኘኋቸው። ስለ ጤናቸው ብጠይቃቸው መልስ ከመስጠታቸው በፊት ሳሉ። «ልጄ፥ እሑድ ይተወኛል፤ ሰኞ ማሽኑ ሲነሣ ይመለሳል» አሉኝ።

የነገሩ ምክንያት የታወቀ ነው። ጀንፈሉ ሲደርቅና ሲከማች አፈር፥ ሻጋታና ባክቴሪያ ይይዛል። ገለባው ሲሰበር ይህ ሁሉ ከቡናው ብናኝ ጋር ተደባልቆ ይነሣል። ትልልቁ ቅንጣት አፍንጫና ጉሮሮ ላይ ይቀራል፤ ከሚሊ ሜትር አንድ መቶኛ የሚያንሰው ግን ወደ ሳንባ ቱቦዎች ይወርዳል። ከባክቴሪያው ቅርፊት የሚወጣው ኢንዶቶክሲን የተባለው መርዝም ቱቦዎቹን ያስቆጣል። የአዲስ አበባና የኖርዌዩ የበርገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2018 እ.ኤ.አ. ያወጡት ጥናት፥ በአገራችን የቡና ፋብሪካ ሠራተኞች የሳንባ አቅም ለንጽጽር ከተመረመሩት ሌሎች ሠራተኞች ያነሰ መሆኑን አሳይቷል።

ብናኝ ዕዳውን የሚያስከፍለው ውሎ አድሮ መሆኑን ለመረዳት የኒው ዮርኩን አደጋ እናስታውስ። በእኛ የዘመን መለወጫ ዕለት፥ መስከረም 1 ቀን 1994 ዓ.ም.፥ ሁለቱ ሕንፃዎች ሲናዱ 343 የእሳት አደጋ መከላከያ ሠራተኞች ሞቱ። የሲሚንቶና የመስታወት ብናኝ ከተነፈሱት ባልደረቦቻቸው ብዙዎቹ በሳልና በትንፋሽ ማጠር ታመሙ። ሕክምናቸውን የሚሸፍነው ሕግ የተፈረመው በ2003 ዓ.ም. ነበር። በመስከረም 2016 ዓ.ም. ከዚያው ጋር በተያያዘ ሕመም የሞቱት ሠራተኞች ቁጥር በዕለቱ ከሞቱት ጋር እኩል ሆነ። እነዚያ ሰዎች ሳይታሰብ በደረሰ አደጋ ውስጥ ገቡ፤ በእኛ መቀሸሪያዎች ግን ብናኙ የሚነሣበት ወር ሳይቀር አስቀድሞ ይታወቃል።

ስለዚህ መፍትሔው በቅድሚያ የመሐንዲሱ ሥራ ነው። ብናኝ የሚነሣበት ቦታ ይከደን፤ በመሳቢያ ቱቦ ተስቦ በማጣሪያ ይለፍ፤ የገለባው መውጫ ከነፋሱ አቅጣጫ ጋር ይስማማ፤ የለቃሚዎቹ አዳራሽ ከማሽኑ ክፍል በግድግዳ ይለይ፤ ወለሉ በደረቁ አይጠረግ። የአፍንጫ መሸፈኛ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ተራ ጨርቅ ረቂቁን ብናኝ አያግድም፤ ደኅናውም መሸፈኛ ቢሆን ሙቀት ሲበረታ ይወልቃል።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሠራተኛውን ደኅንነትና ጤንነት የመጠበቅ ግዴታ በአሠሪው ላይ ጥሏል። አሠሪው ግን ማሽኑን የሚያውቀው በእኛ ንድፍ ነው። እኔ የብናኝ መሳቢያ ይጨመር ብዬ በጠየቅሁ ጊዜ የመቀሸሪያው ባለቤት «ለከርሞ ይሁን» አሉኝ። ከርሞ ስመለስ ያ ሽማግሌ በሥራቸው ላይ አልነበሩም። መሳቢያው በመጀመሪያው ንድፍ ውስጥ ቢገባ ኖሮ ፈቃድ የሚጠየቅበት ነገር ባልሆነ ነበር።

ከእንግዲህ የመቀሸሪያ ሥራ ሲሰጠን በሰዓት ስንት ኩንታል ብለን እንደምንጠይቅ ሁሉ፥ ብናኙስ ወዴት ይሄዳል ብለን እንድንጠይቅ አደራ እላለሁ።